አናት ላይ የቆመው ክንፍ

ሞኝነቴን ልንገራችሁ። ኻርቱም ሰው ቤት ስሠራ፣ ሐጂ የምንላቸው የማዳሜ አባት ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ይዘው ነበር። አንድ ቀን ሀቡብ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ ቤቱን አፈር አልብሶት ሄደ። በርጩማ ላይ ወጥቼ ከአልጋቸው በላይ ያለውን ማራገቢያ መወልወል ጀመርኩ። ሁለቱን ክንፍ ጨረስኩ፤ ሦስተኛው አናታቸው ላይ ስለቆመ ተውኩት። ሳበራው ያ ክንፍ ብቻ በአቧራ ከብዶ፣ ማራገቢያው ጣሪያው እስኪነቃነቅ ተንቀጠቀጠ። ማዳም ከጓዳ «መርወሃውን ሰበርሽው!» ብላ ጮኸች፤ ማራገቢያውን ማለቷ ነው። ደንግጬ ሳጠፋው፣ ያ ጉደኛ ክንፍ መልሶ አናታቸው ላይ ቆመ።

«አንዱን ለምን ተውሽው?» አሉኝ ሐጂ።

«እኛ ወሎ በታላቅ ሰው አናት ላይ መንጠላጠል ነውር ነው።»

«ታዲያ በጣትሽ ግፊው እንጂ! መሃሉ እንደተተከለ ነው፤ ክንፉ ግን ዞሮ ይመጣልሻል።»

ገፋሁት፤ መጣ። አፌን ከፍቼ ስቀር ሐጂ አልጋው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ልትቆጣኝ የመጣችው ማዳም በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ሰምታ አታውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አቧራ ኖረም አልኖረም፣ በየጁምዓው «ያላ፣ የአባባን መርወሃ ወልውይ» ትለኛለች። እኔም ገብቶኛል፤ አናታቸው ላይ ያለውን ክንፍ፣ ሐጂ «ግፊው እንጂ!» እስኪሉኝ ሆን ብዬ እተወዋለሁ።