ሥራ አስኪያጁ ያልሞሉት መስታወት

ዛሬ ልንሰናበታቸው የቆምንላቸው፣ ባልደረቦቻቸው «እትዬ መስታወት» የሚሏቸው እኅታችን፣ የመስኮት መስታወት ይገጥሙ ከነበሩት አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን ተወለዱ። ገና ተማሪ ሳሉ ታላቅ ወንድማችን ለሥራ እንደ ወጣ ቀረ። እናታችንም ሬዲዮ ጣቢያ ሄደው በጠፉ ሰዎች ማፈላለጊያ ፕሮግራም «ልጄ፣ ያለህበትን ብቻ ንገረኝ፤ አልቆጣህም» ብለው ተናገሩ፤ መልሱን ሳይሰሙም አረፉ።

እኅታችን በኬሚስትሪ ተመርቀው የተቀጠሩት በዚያው ጣቢያ የድምፅ ማኅደር ሲሆን፣ ምድር ቤቱን ሲከፍቱ የተቀበላቸው ግማት ነበር። እንደ እናታችን የጠፉ ልጆቻቸውን በሬዲዮ የጠሩ እናቶች ድምፅ ያለባቸው ካሴቶች ሻጋታ ለብሰው፣ የአይጥ ሽንት ጠጥተው፣ ሲነኳቸው ክራቸው እንደ ንፍጥ ጣት ላይ እየቀረ፣ እርጥብ መወልወያ ተከምሮባቸው አገኙ። በዚያ ቀን እህል አልቀመሱም።

ያተረፉትን ወደ ኮምፒውተር ቢገለብጡም፣ ዲስኩም በተራው ሲበላሽ ስላዩ፣ ድምፅ በጨረር እየተቀረጸ በውስጡ የሚደራረብበት፣ ቢቀቅሉት የማይለወጥ፣ አንዴ ከተጻፈበትም የማይፋቅ የመስታወት ሰሌዳ ለመሥራት ዕድሜያቸውን ሰጡ። በዚህ መካከል የጣቢያውን የድምፅ ቴክኒሻን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ ልጆቹ ብርጭቆ በሰበሩ ቁጥርም «ግድ የለም፣ ይሄኛው ለዘላለም አልተሠራም» ይሏቸው ነበር።

ሰሌዳው ከተሳካ በኋላ የሆነውን መናገር ያቅለሸልሻል። እዚህ ከፊት ወንበር የተቀመጡት ሥራ አስኪያጅ «የአሮጊት ለቅሶ ለማን ይጠቅማል?» ብለው፣ በጣቢያው ምሥረታ በዓል ያሰሙት ንግግር፣ ጭብጨባው እንኳ ሳይቀነስ፣ እንዲቀረጽበት አዘዙ፤ ካሴቶቹንም በቆሻሻ መኪና አስጫኑ። ዓይን ያወጣ ነገር ነው፤ ከዚያም ብሶ እዚህ መጥተው መሐረብ ይዘዋል።

እኅታችን የታዘዙትን ቀረጹ። ሥራ አስኪያጁ ንግግራቸው ረጅም ስለነበር ሰሌዳውን የሞላው መሰላቸውና ተቀርጾ ሲመጣላቸው ከወንበራቸው ጀርባ ሰቀሉት፤ ንግግሩ የያዘው ግን ጥፍር የሚያህል ቦታ ነበረ። በቀረው ሁሉ እኅታችን ቀድመው ወደ ኮምፒውተር የገለበጧቸውን እናቶች አንድ በአንድ፣ የእኛንም እናት ጨምረው፣ አስገብተዋቸው ነበር።

የምድር ቤቱ ሻጋታ ሳንባቸውን ጎድቶት ኖሮ፣ ለረጅም ጊዜ ሲታመሙ ቆይተው አረፉ። ይህ ሁሉ ሥራ አስኪያጁ ባሉበት እንዲነበብ የተናዘዙትም እኅታችን ራሳቸው ናቸው። ሰሌዳው አይፋቅም፤ በመዶሻ ግን ይሰበራል። የሚሰብረው ሰው የገዛ ንግግሩንም አብሮ ይሰብራልና፣ እኅታችን ሰውየውን ስለሚያውቋቸው ያለ ሥጋት ነው የሄዱት።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ እኛን ታናናሾቻቸውን፣ በሕይወት ካለም ያለበትን ያልነገረንን ታላቅ ወንድማችንን ትተው አልፈዋል። ወንድማችን፣ ይህ ከደረሰህ፣ እናታችን ዛሬም ከአንድ ባለሥልጣን ወንበር ጀርባ ሆነው እየጠሩህ ነው፤ አልተቆጡህም።

ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ ብል በማይበላበት፣ ሻጋታም በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን።