ከራቫት ያሰረው አሠሪ

በጎረቤት አገር የወደብ ከተማ፣ ከፔካ 12 ሰፈር ወደ ምኒልክ አደባባይ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ ላፕቶፕ ያቀፈች ልጅና አንድ ጎልማሳ የከባድ መኪና ሾፌር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«የማን ቤት ነው የምትሠሪው፣ ልጄ?»

«ቤት አይደለም፣ ጋሼ። እዚሁ ሆኜ ለካናዳ ድርጅት በኮምፒውተር ነው የምሠራው።»

«መኖሪያ ፈቃድስ?»

«አለኝ። ዛሬ ስለሚያበቃ ላሳድስ እየሄድኩ ነው። የኢሚግሬሽን ሰዎች አሠሪሽን ይዘሽ ነይ ብለውኛል።»

«ካናዳዊውን? በኮንቴይነር ላምጣልሽ?»

«በቪዲዮ ይቀርባል። አገሩ ገና ሌሊት ነው፤ ከራቫት አስሮ እየጠበቀኝ ነው።»

«ከወገቡ በታች ግን ፒጃማ ነው!»

«እሱን ማን ያየዋል?»

«ለምን አሠሪዋ እኔ ነኝ ብዬ አልገባልሽም? ቦርጩ እንደሆነ አለኝ።»

«ሦስት ዓመት በሕግ የኖርኩትን ዛሬ በውሸት ላበላሸው?»

«እሺ፣ ኔትወርኩ ቢቋረጥስ?»

ላፕቶፑን ጠበቅ አድርጋ አቀፈችው። «እሱ ነው የጨነቀኝ።»

«ወራጅ አለ!» አሉ የከባድ መኪና ሾፌሩ።

«የምወርደው እኔ ነኝ፤ እርስዎ ደግሞ ወዴት?»

«ስልኬ ላይ ኢንተርኔት ሞልቷል፤ ያንቺ ቢቋረጥ በኔ ታገኚዋለሽ። ደግሞ ፒጃማውን ሳላይ ወደ መኪናዬ አልመለስም።»

መውረጃዬ ማለፉን ያወቅኩት፣ ተከታትለው ሲወርዱ አይቼ በነጠላዬ ውስጥ ካማተብኩላቸው በኋላ ነው።