«አይሰማም»፦ ጠብቆ ወይስ ላልቶ?

የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የሽቦ የሙዚቃ ጓደኞች፣ ለልቅሶው ሥራችሁን ጥላችሁ የመጣችሁ ሁሉ፤ ብድራችሁን በደስታ ለመመለስ ያብቃን።

መጀመሪያ መልእክት ላድርስ። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖሩት ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡት መምህርት፣ «መቅረቴን ይቅር በሉኝ በይልኝ» ብለዋል። ዳሌያቸው ከተሰበረ ሁለት ወሩ ነው። አሁን ይሻላቸዋል፤ ትላንት በምርኩዝ እስከ መስኮቱ ደርሰዋል። ልጃቸው ደግሞ መንታ ተገላግላለች። ሁለቱም ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም ሲያለቅሱ ሕንጻው ይነቃነቃል። «እነዚህ ለሽቦ ባንድ ይሆኑ ነበር» አሉኝና ሳቁ። ከዚያ አለቀሱ። ከዚያ ደግሞ ክንዴን ይዘው፣ «አደራ፣ የምታውቂውን ሳትደብቂ ተናገሪ» አሉኝ።

የምታውቂውን። እሺ። እናገራለሁ።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ እኔ የላውንድሪው ሴትዮ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ስተኩስ ኖሬያለሁ፤ የብዙዎቻችሁን ፊት ከማስታወስ ኮሌታችሁን ባስታውስ ይቀለኛል። ከሱቄ ጀርባ የጎማ ጠጋኙ መጋዘን አለ። እነ ሽቦ የሚለማመዱት እዚያ፣ በአሮጌ ጎማ መሀል ነበር። በእኔና በእነሱ መካከል አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። ዘፋኙ ልጅ ቀን ቀን ፍሪጅ ይጠግን ነበር። ሽቦ የተባለው በሥራው ነው ይላሉ፤ ቅጥነቱን ያየ ግን ሌላ ምክንያት አይፈልግም።

የመጀመሪያ ቀን ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ ሄድኩና፣ «ኧረ ምንድነው ይሄ?» አልኩት።

«ፓንክ ሮክ ነው እትዬ።»

«ምን ማለት ነው?»

«ሳይችሉ መዝፈን ነው።»

«እንግዲያው ተሳክቶላችኋል!» አልኩት።

እንዴት ሳቀ! ቆርቆሮ ጣራ ላይ በረዶ ሲወርድ አስቡት፤ ለእኔ ያ ነው ፓንክ ሮክ። ግን ለመድኩት። እነሱ ያልመጡ ቀን ካውያው ራሱ የሚከብደኝ ሆነ።

አሁን ወደ ዘፈኑ ልምጣ። «አይሰማም» የሚለውን የማያውቅ እዚህ መሀል አለ? ያልተጣላበትስ አለ?

እንዴት እንደተወለደ ልንገራችሁ፤ በዓይኔ አይቻለሁና። ከሰዓት በኋላ ነው። የአንድ ደንበኛ ሸሚዝ በእጄ ይዤ፣ «እባካችሁ ሰው አለብኝ፣ ቀነስ አድርጉ» ልላቸው በራቸው ላይ ደረስኩ። ጊታሩ ይጮኻል፣ ከበሮው ይደለቃል፣ ሽቦ አፉን ከፍቶ ይዘፍናል፤ ግን የእሱ ድምፅ የለም። ማይኩ ሞቷል። ወደ ከበሮ መቺው ዞሮ «አይሰማም!» አለው። ከበሮ መቺው አልገባውም፤ ሁለት ጊዜ ደለቀለት። «አይሰማም!» አሁንም ደለቀለት። «አይሰማም እኮ ነው የምልህ!» ደለቀ። ከዚያ ሦስቱም ተያዩና በሳቅ ፈነዱ። እኔም ልናገር የመጣሁትን ረስቼ ሸሚዙን እንዳቀፍኩ ሳቅሁ። ሳልሄድ እዚያው ዘፈን አደረጉት፦

ደጁን መታሁ — አይሰማም!
ስሜን ጠራሁ — አይሰማም!
እዚህ ነኝ አልኩ — አይሰማም!

ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ከተበላሸ ማይክ የተወለደ ዘፈን ነው። ይኸው ነው ታሪኩ።

ከዚያ በየሰው ስልክ ዞረ። ሲዞር ደግሞ ትርጉም አበጀ። ተማሪዎቹ «የማይሰማው ርዕሰ መምህሩ ነው» አሉ። ሠራተኛው «አለቃው ነው» አለ። አንድ ሽማግሌ «ፈጣሪ አይሰማም ማለቱ ነው» ብለው ከልባቸው አዘኑበት። ትታው የሄደች አንዲት ልጅ ነበረች፤ እሷም «ለእኔ ነው የዘፈነው» አለች። «ኧረ ወንድ ነው የሚለው» ሲሏት፣ «አዎ፣ ከእሱ በኋላ የያዝኩትን ነዋ! እሱ እውነትም አይሰማም» ብላ ዐረፈችው።

መምህርቷ ናቸው ነገሩን የፈቱልኝ። ቃሉን ወረቀት ላይ ጻፉትና፣ «አየሽ፣ ፊደላችን ለሚጠብቅና ለሚላላ ምልክት የለውም። ላልቶ ሲነበብ ሰውየው ጆሮ የለውም ማለት ነው። ጠብቆ ሲነበብ ድምፁ አይደርስም ማለት ነው። ሲጻፍ ግን አንድ ነው» አሉኝ። ያ ልጅ ደግሞ ሲዘፍን ይጮኻል። በዚያ ጩኸት ውስጥ የጠበቀውን ከላላው ማን ይለያል?

ሬዲዮ ጣቢያ ወስደው ጠየቁት። «ለማን ነው?» አሉት። «ማይኩ ተበላሽቶብን ነው» አለ። ጋዜጠኛው ሳቀ። «ብልጥ ነህ፣ ልታመልጥ ነው» አለው። ልጁ በአደባባይ እውነቱን ተናገረ። ሳቁበት።

ይሄ ሁሉ ቀልድ ሆኖ በቀረ ነበር፤ የእኔ አፍ ባይኖር።

የሽቦን አባት ታውቋቸዋላችሁ። ይኸው እዚህ አሉ። ላሜራ ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ከመቀጥቀጫው ማሽን ፊት ቆመዋል። ጆሯቸው እየከዳቸው ነበር። ፋብሪካው ካወቀ ከማሽኑ ያነሳቸዋል፤ ስለዚህ ሰው ሲናገር አፍ አፉን እያዩ፣ እየገመቱ ይሠሩ ነበር። ይሄን የሚያውቀው ልጃቸው ብቻ ነው። እኔ አላውቅም ነበር። እውነቴን ነው፣ አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ሸሚዝ ሊወስዱ በመጡ ቁጥር «ይህ ልጅ አይሰማም፣ ሙያውን ትቶ ይጮኻል» እያሉ ማማረራቸውን ነው።

አንድ ቅዳሜ ሱቄ ሞልቷል። እሳቸው ተራ ይዘዋል። የፋብሪካቸው ፎርማን ደግሞ ሱሪውን ሊወስድ ከኋላቸው ቆሟል። እኔም ጨዋታ አማረኝ።

«ጋሼ! እርስዎ ልጄ አይሰማም ሲሉ፣ እሱ ደግሞ በዘፈን መለሰልዎት አሉ! የማይሰማው አባቴ ነው ብሎ!»

«ምን አልሽ?» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ምን አደረግሁ? ደገምኩት። ጮክ ብዬ ደገምኩት! ሰው የበለጠ ሳቀ። እሳቸው አፌን እያዩ ነበር። ያኔ ነው የገባቸው። ፎርማኑ ግን መሳቁን አቁሞ የእሳቸውን ማጅራት ይመለከት ነበር።

በሳምንቱ ፎርማኑ ማሽኑ ጥግ ሆኖ ከኋላቸው በስማቸው ጠራቸው። አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ። አልዞሩም። ከማሽኑ አንስተው መጥረጊያ ሰጧቸው።

ሠላሳ ዓመት ሙያ ለነበረው ሰው መጥረጊያ!

ማታ ልጃቸውን፣ «ገመናዬን በጊታር አወጣኸው» አሉት። «አባዬ፣ ማይኩ ነው!» አላቸው። «ማን ነው?» አሉት። ደግሞ ነገራቸው። አላመኑትም። እሱም ቱታውን በከረጢት ይዞ ከቤት ወጣ፤ ጎማዎቹ መሀል መኖር ጀመረ።

በማግስቱ ሱቄ መጣ። አልተቆጣኝም። ምነው በተቆጣኝ! «እትዬ፣ አንቺ በር ላይ ነበርሽ፤ ሸሚዝ አቅፈሽ። እኔን አላመኑኝም፣ አንቺን ግን ያምኑሻል። ንገሪልኝ» አለኝ።

«ነገ እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

ምን ነበር የከበደኝ? እሳቸው ሰፈሩ ሁሉ የሚለውን የደገምኩ መስሏቸዋል። ማንም እንደዚያ አላለም። ቅዳሜ ለታ ከአፌ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ከነገርኳቸው፣ «ማሽንዎን ያሳጣሁዎት ለሳቅ ስል ነው» ማለቴ ነው። ይሄ አልወጣ አለኝ። ስለዚህ ነገ አልኩ። ነገ ደግሞ ነገ አልኩ።

አንድ ቀን ዳቦ ቤት ተገናኘን። እግዜር የሰጠኝ ቀን ነው ብዬ ጀመርኩ፦ «ጋሼ፣ ያ የልጅዎ ዘፈን...»

«ምን አልሽ?» አሉና ጆሯቸውን አቀረቡልኝ። አቀረቡልኝ እኮ!

«ደህና ዋሉ ነው ያልኩት» አልኳቸው። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።

ሽቦ በየሳምንቱ አንገቱን በሱቄ በር ብቅ ያደርጋል። «እትዬ፣ ነገ ደረሰ?» ይለኛል። «እየመጣ ነው» እለዋለሁ። እንስቃለን። እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ጠየቀኝ። ከዚያ መጠየቁን ተወ። የተወ ለታ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ቀለለኝ። ይቅር በሉኝ፤ ቀለለኝ።

ስድስት ዓመት ሆነ። የአባቱ ጆሮ ጨርሶ ተዘጋ። ልጁ ሳንባውን ታመመ። ሆስፒታል የተኛው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። በመጨረሻው ቀን የተኮስኩለትን ፒጃማ ይዤ ስሄድ፣ «አባዬ ያውቃሉ?» አለኝ። መታመሙን ይሁን ዘፈኑን፣ አልጠየቅሁትም። «ነገ ይዣቸው እመጣለሁ» አልኩት። በዚህ አፌ፣ እንደገና ነገ አልኩት።

ነገ ስደርስ አልጋው ተነጥፎ ነበር።

ሽቦዬ፣ ልጄ፣ እንግዲህ ደህና ሁን። ቀነስ አድርጉ እያልኩ ግድግዳውን የደበደብኩበት እጄ ዛሬ ምን እንደሚደበድብ አጣ። አባትህን ያሳጣሁህ እኔ ነኝ፤ ይኸው ሰው ፊት ተናገርኩ። ይቅር በለኝ። ባትለኝም አልፈርድብህም። በሰላም ሂድ። ማን ማን እንደመጣ ነግሬህ ልልቀቅህ።

ጎማ ጠጋኙ መጣ፤ «መጋዘኑን ከእንግዲህ ለማንም አላከራይም» አለ። በሚቀጥለው ወር እንደሚያከራየው ሁላችንም እናውቃለን፤ ግን ማለቱ ደግ ነው። ያቺ ልጅ መጣች፤ «ለእኔ እንዳልነበር አውቃለሁ፣ ግን ደስ ይለኝ ነበር» አለች። ፎርማኑ መጣ፤ በር ላይ ቆሞ «የሠራልን ፍሪጅ እስካሁን ይሠራል» አለና ሄደ። ጊታር መቺውና ከበሮ መቺውም መጡ።

አባትህ ዛሬ ጠዋት መጡ። አጠገቤ ተቀመጡ። ስለማይሰሙ ወረቀት አወጣሁና ጻፍኩላቸው፦ «ልጅዎ አይሰማም ያለው አይሰማም ለማለት አይደለም፤ አይሰማም ለማለት ነው።» አነበቡት። «ትቀልጂብኛለሽ?» አሉኝ። እኔም አየሁት፤ አንድ ነው፣ ያው ፊደል ነው። ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ ወረቀቱን ጨበጥኩና ተነሣሁ። ጓደኞችህን አቆምኳቸው። አንዱ ባዶ እጁን እንደ ጊታር ያዘ፣ አንዱ ጉልበቱን ደበደበ። እኔ እንዳንተ መሀል ቆምኩ። አፌን ከፍቼ ያለድምፅ ዘፈንኩ። በሌለው ማይክ ላይ ጣቴን ቀሰርኩ፣ ራሴን ነቀነቅሁ፣ ወደ ከበሮው ዞሬ እጄን አወናጨፍኩ። ከዚያ ያን ቅዳሜ አሳየኋቸው፤ ካውያ የያዝኩ መስዬ ሳቅሁ፣ ራሴን ጠቆምኩ፣ አፌን ጠቆምኩ።

አባትህ ገባቸው። አፌን አዩ፣ እጄን አዩ። ከዚያ የድምፃቸው ልክ ስለጠፋባቸው ቤቱ በሙሉ በሚሰማው ድምፅ፣ «ያኔ ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉኝ፤ «ያኔ እኮ ገና እሰማ ነበር።»