ማማ ላይ የወጡት መምህር

መምህር ሰይፈ ሚካኤል ሳምንቱን ሙሉ አብደታን ሲሸሹት ከረሙ፤ በመጨረሻ ግን ዝናቡ አሳልፎ ሰጣቸው። ከኖፓ ለቅሶ ደርሰው ወደ መቱ ሲመለሱ ሚኒባሱ ጭቃ ላይ ተቀረቀረ፤ የነሐሴውም ዶፍ ወረደ። ከመንገዱ ዳር በበቆሎ ማሳ መካከል ላስቲክ የለበሰ የጠባቂ ማማ አዩና፣ በስድሳ ዓመት ዕድሜ ሩጫ ከተባለ፣ ሮጠው ከሥሩ ገቡ። አብደታ ሞተር ብስክሌቱን አቁሞ ቀድሟቸው ተጠልሏል።

ሁለቱም መቱ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የርቀት ተማሪዎችን ያስተምራሉ። ጋሼ ሰይፈ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። አብደታ ገና ወጣት ነው፤ ትምህርቱን በድምፅ እየቀዳ በተማሪዎቹ ስልክ ላይ ይጭናል፣ ፖድካስት ይለዋል። ሰኞ ጉዳዩ ለስብሰባ ይቀርባል፤ እሳቸው «አይሆንም» ካሉ ደግሞ ነገሩ አለቀለት።

«ጋሼ፣ እንኳን ዝናቡ አገናኘን!» አለ አብደታ ብድግ ብሎ።

«ዝናቡስ አገናኘን። ያንን የሬዲዮ ነገርህን ግን እንዳታነሳብኝ።»

«ሬዲዮ እኮ አይደለም። ሬዲዮ ካመለጠ አመለጠ ነው፤ ይሄ ግን ተማሪው ሲመቸው የሚከፍተው ነው።»

«ሲመቸው! ትምህርት ዘፈን ነው እንዴ? እኛ ሞጁሉን በእርሳስ እያሰመርን ነው የተማርነው። በጆሮ የገባ በሌላው ጆሮ ይወጣል።»

«ልጅ ሳሉ ቤተ ክርስቲያን የቃል ትምህርት ተምረው የለ? እሱ በጆሮ አልነበረም?»

ጋሼ ሰይፈ ጃንጥላቸውን አራገፉ። ሽማግሌ በገዛ ትዝታው ሲረታ ደስ አይለውም።

«እዚያማ መምህሩ ከፊትህ አለ፤ ብትሳሳት ኩርኩም አለ። ስልክ ይኮረኩማል?»

«ከኡካ፣ ከኖፓ ለሚመጣው ተማሪ መንገዱ ራሱ ኩርኩም ነው፣ ጋሼ። ይኸው ዛሬ እርስዎም ቀመሱት።»

«የፈለገ ይመጣል! ያቺን ኡርጂን ተመልከት። ጎበዝ ትመስለኝ ነበር፤ አምና ወደቀች፣ ዘንድሮ ደግሞ ጭራሽ ቀረች። ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?»

«አልሰነፍኩም፣ ጋሼ» የሚል ድምፅ ከላይ መጣ።

ሁለቱም ቀና አሉ። ከማማው ላይ አንዲት ወጣት ጎንበስ ብላ ታያቸዋለች፤ በአንድ እጇ ወንጭፍ፣ በሌላው በፌስታል የተጠቀለለ ስልክ ይዛለች። ኡርጂ ራሷ ናት። ጋሼ ሰይፈ የሚገቡበት ጠፋቸው።

«አባቴ የንብ ቀፎ ሊሰቅል ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀና እግሩ ተሰበረ» አለች መሰላሉን እየወረደች። «ማሳውን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ዝንጀሮ ደግሞ ቅዳሜ ትምህርት አላት ብሎ አይተወኝም።»

አብደታ ፊቱ በራ። «ያንቺ ጉዳይ ምስክሬ ነው! የላክሁትን እየሰማሽ ነዋ?»

ኡርጂ አንገቷን ደፋች። «ልዋሽዎት አልችልም፣ መምህር። መጀመሪያ ጮክ አድርጌ ስከፍተው ዝንጀሮዎቹ ሰው መስሏቸው ሸሹ። ኋላ ግን ለመዱት፤ እርስዎ ሲያነቡ እነሱ በቆሎውን ይፈለፍላሉ። እኔም እንቅልፍ ይወስደኛል።»

ጋሼ ሰይፈ ሳቃቸው አመለጣቸው። አብደታ ግን ቀላ። እውነቷን ነው፤ የእንግሊዝኛውን ሞጁል ከላይ እስከ ታች ሳይተነፍስ ነበር ያነበበው።

«ማንበቡንማ እኔም አነባለሁ» አለች። «ያጣሁት የሚያስረዳኝ ነው። ፈተናው ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አሁንም ከወደቅሁ መማሩን እተወዋለሁ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

የጋሼ ሰይፈ ሳቅ ቆመ። «አምና ክፍል ውስጥ ስትቀመጪ ያልገባሽን ለምን አልጠየቅሽም፣ ልጄ?»

«ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ሦስት ጊዜ ይድገሙልኝ ይባላል እንዴ? እንዳይቆጡኝም ፈራሁ። ስልኩ ግን ደጋግሜ ብመልሰው አይቆጣኝም።»

ይህቺ ቃል ሽማግሌውን ወጋቻቸው። ሲያስተምሩ ራሱን የነቀነቀላቸው ሁሉ ገብቶት ነበር? ወይስ እሱም አፍሮ ነበር? ዝናቡን አዩ፤ ልጅቷን አዩ፤ ከዚያ ጃንጥላቸውን ለአብደታ አስይዘው መሰላሉን መውጣት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ያንሸራትታል!»

«ዝም ብለህ ስልክህን ይዘህ ተከተለኝ። የሚቀዳው እንዴት እንደሆነ አላውቅበትም።»

ማማው ላይ ኡርጂን አጠገባቸው አስቀምጠው ሌላው አገር ደርቆ ኢሉባቦር ለምን እንደሚዘንብባት አስረዱ። ከደቡብ ምዕራብ እርጥበት ተሸክሞ የሚመጣውን ነፋስ፣ ከደጋው ጋር ተጋፍጦ ሽቅብ ሲወጣ መቀዝቀዙን፣ ቀዝቅዞም ዝናብ መሆኑን፣ በእጃቸው እያሳዩ፣ አማርኛው ሲያጥር በኦሮምኛ እየሞሉ ነገሯት። መካከል ላይ ልጅቷ ወደ ማሳው ዞር ብትል «ጆሮሽ ወዴት ነው!» ብለው ጮኹ። ከበቆሎው ውስጥ የዝንጀሮ መንጋ ብር ብሎ ወጣና ወደ ጫካው ገባ።

«ይህን እንዳትቆርጡት!» አለች ኡርጂ እየሳቀች።

ሰኞ ስብሰባው ላይ ጋሼ ሰይፈ ቆመው እንዲህ አሉ፦ «የእኛ ተማሪ እጁ ሥራ ይዟል፤ ጆሮው ግን ባዶ ነው። እግሩ መቱ መድረስ ሲያቅተው ድምፃችን እሱ ዘንድ ይሂድ። ያፈረ ይደግመዋል፣ ያመለጠው ይመልሰዋል። ኔትወርክ የሌለው በሚሞሪ ይጫንለት። ሞጁሉም አይቀርም፤ ሰምቶ የገባው ሰው ሲያነብ አይፈራም። አንድ ነገር ብቻ አደራ፣ ማስረዳት እንጂ ማንበብ አይሁን።» የመጨረሻውን ሲሉ አብደታን አዩት፤ አብደታም ፈገግ አለ።

የመስቀል ሰሞን ጋሼ ሰይፈ በዚያው መንገድ ሲያልፉ ከማሳው መካከል የገዛ ድምፃቸውን ሰሙ። «ጆሮሽ ወዴት ነው!» ይላል፤ ዝንጀሮዎቹም እግሬ አውጪኝ ይላሉ። ማማው ሥር አንድ ሰው ምርኩዝ ይዞ ተቀምጧል። ጋሼ ሰይፈ ጠጋ ብለው ሰላምታ ሰጡት።

«አካም ጅርቱ፣ ባርሲሳ፤ እንደምን አሉ፣ መምህር» አለ ድምፃቸውን ሲሰማ አውቋቸው። «ቀኖ እባላለሁ፣ የኡርጂ አባት። ልጄ ጂኦግራፊውን አልፋለች።»

ጋሼ ሰይፈ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ ያን ቀን ግን ዝናብ አልነበረም። «ታዲያ ካለፈች አሁን ማን ነው የሚማረው?»

«እኔ ነኛ» አለ ቀኖ። «ስድሳ ክረምት ሙሉ የደበደበኝ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም።»