አያ ታከለ የተቆጡኝ ቀን

ሰው ሲቆጣው ደስ ያለው ሰው አይታችሁ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ግን አንዱ ነኝ። ገና በአሥራ አራት ዓመቴ ከታጣቂዎች ጋር ጫካ ገብቼ፣ በአሥራ ሰባቴ ወደ መንደሬ ወደ ድብ ባሕር ተመለስኩ። ክፉ የተናገረኝ የለም። እንዲያውም ወፍጮ ቤት ወረፋ ይለቁልኛል፣ ባጠፋም "ምንም አይደል" ይሉኛል። እኩዮቼ እንኳ አይቀልዱብኝም። መፍራታቸው እንደሆነ ይገባኝ ነበር።

የገብስ አጨዳ ደረሰና ጎረቤታችን አያ ታከለ ደቦ ጠሩ፤ እኔንም ጨመሩኝ። ያሰርኩትን ነዶ አንዲት ልጅ ስትሸከመው ተፈታና ገብሱ መሬት ላይ ተበተነ። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና ቶሎ ብላ "ምንም አይደል፣ እኔ ነኝ ያላላሁት" አለች። አያ ታከለ ማጭዳቸውን ጥለው መጡ።

"ምነው አንተ! ነዶ እንዲህ ነው የሚታሰር? የዓመት ልፋት እኮ ነው! ና፣ ሰብስበህ እንደገና እሰረው!"

አጫጁ ሁሉ ቀጥ አለ። ሁሉም እጅ እጄን ያያል። እኔ "እሺ አያ" ብዬ ተንበረከክኩና አንድም ዛላ ሳላስቀር ለቀምኩ። ስጨርስ ነዶውን ጎተት አድርገው ሞከሩትና "አሁን ሸጋ" ብለው ወደ አጨዳቸው ተመለሱ።

ቤት ስገባ እናቴ "እንዴት ዋልክ?" አለችኝ።

"አያ ታከለ ሰው ፊት ተቆጡኝ።"

"እንደ ልጃቸው?"

"እንደ ልጃቸው።"

ነጠላዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። "ወዴት ነው?" ብላት፣ እንባዋን እየጠረገች "ላመሰግናቸው ነዋ!" አለችኝ።