አምስት ተጠቃሚዎች

ከጊዮርጊስ ወደ አባይ ማዶ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንድ ሸምገል ያሉ ሰውና አንዲት ወጣት የኮምፒውተር ባለሙያ ተቀምጠዋል። ከሰውየው ቢሮ አብረው መውጣታቸው ነው።

«ጋሼ፣ የድሮው የመዝገብ ፕሮግራም በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠራው የድሮውን ማሽን በሚያስመስል ኢሙሌተር ነው። የኢሙሌተሩ ፈቃድ ደግሞ የሚገዛው በሰው ቁጥር ነው።»

«አውቃለሁ። የአምስት ሰው አለን።»

«አሁን ማሳደሻው ደርሷል። ቢሮው ውስጥ ግን ያየሁት እርስዎን ብቻ ነው።»

«ሁለቱ ጡረታ ወጡ፤ ሁለቱ ተዛወሩ።»

«ታዲያ ኔትወርኩ ላይ አምስቱም በየቀኑ ጠዋት ሲገቡ፣ ማታ ሲወጡ ይታያል።»

«የምከፍታቸው እኔ ነኝ።»

«አምስቱንም?»

«እየዞርሁ። መጀመሪያ የዓለምነሽን እከፍታለሁ። ድሮም ቀድማን የምትገባው እሷ ነበረች።»

«ለምን ጋሼ?»

«ስክሪኑ ግርጌ ላይ ‹አምስት ተጠቃሚዎች በሥራ ላይ ናቸው› ብሎ ይጽፋላ።»

ልጅቱ የማሳደሻውን ቅጽ አውጥታ አየችው።

«ለአንድ ሰው ብቻ አድሺ ተብያለሁ።»

«እሱስ ልክ ነው።»

«ሁለት ያስፈልጋል ብዬ እጽፋለሁ።»

«ሁለተኛው ማን ሊባል?»

«መጠባበቂያ እላለሁ። የትኛው ኮምፒውተር ይሁን?»

«የዓለምነሽ ይሁን፣ ልጄ። መስኮቱ ጋ ያለው። ሐይቁ የሚታየው ከእሷ ወንበር ነው።»

አጠገቤ ባዶው ወንበር ላይ ያስቀመጥሁትን ቦርሳ አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት።