ሚስቱን የቀበረ ቀን

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ በክራር የሚያስቅ የአንድ ኮሜዲያን ካሴት ከፍቷል። ሰውዬው ሸለምጥማጥ ለበላችበት ዶሮ ሙሾ ሲያወርድ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት በሳቅ ፍርስ አለ።

«አለቃቀሱን ስሙት እስቲ። ተሰጥኦ ማለት ይሄ ነው።»

ከፊታችን የተቀመጡ እናት ዞር አሉ።

«ሚስቱን የቀበረ ቀን ባየኸው።»

«ያውቁታል እንዴ፣ እናቴ?»

«ጎረቤቴ ነው። ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ገባና ‹የቤቴ ምሰሶ› ብሎ ማልቀስ ሲጀምር፣ እድርተኛው በሳቅ ፈነዳ።»

«ለቅሶ ቤት ውስጥ?»

«ለቅሶ ቤት ውስጥ። አንዱማ ‹ልክ እንደ ዶሮዋ› አለ። የእድሩ ዳኛ እንኳ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።»

«ቀልድ መስሏቸው ይሆናላ።»

«ሚስቱን ቀብሮ የሚቀልድ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ስንት ዘመን ያሳቃችሁ በገዛ ድምፁ ነው። ለራሱ ለቅሶ ሌላ ድምፅ ከየት ያምጣ?»

«እሱስ ምን አለ?»

«ምን ይላል? ዝም አለ። ሠልስቱ እስኪወጣ አፉን ይዞ ተቀመጠ። እነዚያው የሳቁት ሰዎች ደግሞ ምን ብለው ቢያሙት ጥሩ ነው? ‹ለሚስቱ እንባ እንኳ አልወጣውም።›»

ወጣቱ አቀረቀረ።

«ሹፌር፣ እስቲ ዝጋው» አለ።

«ምነው? ገና አሁን መጣፈጡ ነው» አለ ሹፌሩ።

ሰውዬው ለዶሮዋ ማልቀሱን ሲቀጥል፣ እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ከንፈሬን ነክሼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።